ወደ ላይ የተነሣ አገጭ

ዚሲስ ግራ ዓይኑን ያጣው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ለበጎች ቅጠል ሲቆርጥ ዝንጣፊው ተፈናጥሮ ወጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ወንድሙ ቫዮስ በግራው በኩል መሄድ ጀመረ፤ ያዘዘውም ያመሰገነውም የለም። ከፒንዶስ ተራሮች ግርጌ ሃምሳ ዓመት አብረው በግ ሲያግዱ፣ ጉልበቱ ማስቸገር ከጀመረ በኋላም እንኳ፣ ቫዮስ ያንን ቦታ ለቆ አያውቅም።

አባታቸው በሕይወት ሳለ፣ «የሚበላ ዓይኑ ከፊቱ፣ የሚበሉት ዓይኑ ከጎኑ» ይላቸው ነበር። በግ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ እንኳ ከኋላዋ የሚመጣውን ታያለች። ተኩላ ግን ጎኑን ትቶ ፊቱን ያያል፤ የሚዘልበትን ርቀት አንዲት ስንዝር አይስትም። ዚሲስ ይህን ሲሰማ ራሱን ከየትኛው ወገን እንደሚቆጥር ግራ ይገባው ነበር።

አገሪቱ በዕዳ ተይዛ ባንኮቹ በተዘጉበት በዚያ በጋ ግን ሁሉም ወገኑን ያወቀ መሰለው። ሕዝቡ በእሑድ ሕዝበ ውሳኔ ለአበዳሪዎቹ ቅድመ ሁኔታ «እሺ» ወይም «እምቢ» እንዲል ተጠራ። ከመንደሩ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ የእሺ ሰዎች በመስኮቱ በኩል፣ የእምቢ ሰዎች በግድግዳው በኩል ተቀመጡ። ዚሲስ ግድግዳው ጋ ነበር፣ ቫዮስ መስኮቱ ጋ።

«የነፍስ አድን ብድር ይሉታል እንጂ የማን ነፍስ እንደዳነ ንገረኝ እስቲ!» አለ ዚሲስ ዓርብ ዕለት። «ተኩላ ናቸው፣ ዓይናቸው ከእኛ ላይ አይነቀልም። በግ እንኳ ተኩላ ስታይ ትሸሻለች።»

«ትሸሻለች! የት እንደምትሸሽስ ታውቃለች?» አለ ቫዮስ። «አንዷ ገደል ስትገባ መቶዋም ይከተሏታል። ያንተ እምቢታም ይኸው ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሴት ልጅህ ጀርመን ስለገባች አንተም ጀርመን የሆንክ መሰለህ?»

ቡና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቫዮስ ፊቱ ቀላ። «ግማሹን ብቻ እያየህ ለሙሉ አገር ትፈርዳለህ!» አለው።

ሳቁ ቆመ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ዓይን ክፉ ቃል የወጣው ያን ቀን ነው። ዚሲስ አረቄውን ሳይጨርስ ወጣ። እነዚያ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ የራሱን በጎች ለይቶ አንዱ ከገደሉ ወዲህ፣ ሌላው ከገደሉ ወዲያ ማገድ ጀመሩ።

እሑድ እምቢ አሸነፈ። ዚሲስ ጨፈረ፣ ግን ደስታው አልጣፈጠውም። ሰኞ ረፋዱ ላይ ወንድሙን ከማዶ አየው። ቫዮስ እግሯ የተሰበረ ግልገል በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል።

«ቫዮስ! ታርቀናል?» ብሎ ጮኸ።

ቫዮስ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

በዚያ አገር አገጭ ወደ ላይ ከተነሣ ሌላ ትርጉም የለውም፤ እምቢ ማለት ነው። ዚሲስ ደሙ ፈላ። «የእሺ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን እምቢ ማለት ቻልክ?» እያለ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ምንጩ ወረደ። ሲመለስ ተኩላዎች ከግራው፣ ከላይ ካለው ጫካ ወርደው ከበጎቹ አሥራ አንዱን ጥለዋል። ውሾቹ ዘግይተው ይጮኻሉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ወንድሙ ዘንድ ሄዶ እንደማልቀስ ቄሱን ላከበት፤ «ግጦሹንም ጋጣውንም እንካፈል፣ ከእንግዲህ አልፈልገውም።» ቫዮስ በዚያ ጉልበቱ ብቻውን ማገድ አይችልም። «እንደ ቃሉ ይሁን» ብቻ አለ።

በሳምንቱ ሰኞ፣ መንግሥት እምቢ ከተባለው የባሰውን ስምምነት ተቀበለ የሚል ዜና በሬዲዮ ተነገረ። ቡና ቤቱ ውስጥ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ቫዮስ እያነከሰ ግድግዳው ጋ መጣና ከዚሲስ ፊት ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ጎርናና በሆነ ድምፅ። «ተኩላዎቹን እያሳየሁህ ለምን ጀርባህን ሰጠኸኝ?»

«መቼ አሳየኸኝ?»

«በአገጬ ነዋ! እጄ ግልገል ይዟል። ከራስህ በላይ ነበሩ እኮ።»

ዚሲስ የአረቄውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ጮኸህ አትነግረኝም?»

«በምን ድምፅ? ሦስት ቀን እዚህ ስጮህብህ ሰንብቼ ተዘግቶ ነበር።»

«ታርቀናል ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር፣ ቫዮስ።»

«ነፋስ ነበር፣ አልሰማሁም። ብሰማማ ኖሮ...» አለ ቫዮስ።

ዚሲስ እጁን ያዘው። «ነገ በጎችህን መልሰህ አምጣ። አብረን እንውጣ።»

«የትኞቹን በጎች? ነጋዴው መኪና ይዞ መጣ፣ ሸጥኳቸው። ሐሙስ ታረዱ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንተ አሁንም እረኛ ነህ። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ፈት ሽማግሌ ነኝ። ልጄ ና ብላኛለች፣ ልሄድ ነው መሰለኝ።»

ዚሲስ አገሪቱን ማን እንደሸጣት ሲከራከር ከርሞ አፉ አላረፈም ነበር። አሁን ተነሥቶ የወንድሙን ክንድ ያዘ፤ ቫዮስም እንደ ልማዱ በግራው በኩል እያነከሰ አብሮት ወጣ።