ሐርጌሳ ላይ እግሬን ያጠበችው የትግራይ ልጅ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! እኔን የምታውቁኝ በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማንንም ሳልጠብቅ የምወጣ ሴት አድርጋችሁ ነው። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብወጣ መንገዱም የሚያስኬደኝ አይመስለኝም። ልመስክር፤ ፍቀዱልኝ። ስንዱ እባላለሁ። የምናገረው ስለ ጌታ ነው። ነገር ግን ጌታን ያየሁት በአንዲት ልጅ ኑሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ እሷ ብዙ ባወራ ታገሡኝ። ክብሩ የእሱ ነው። አሜን በሉ እንጂ!

ትውልዴ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። ያደግሁት እግዚአብሔርን በሚፈሩ ወላጆች ቤት ነው፤ ማተቤን አስሬ፣ ጾሜን ጾሜ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግዚአብሔር ለእኔ እንደ ሩቅ አገር ዘመድ ነበር። መኖሩን አውቃለሁ፤ ተነጋግረን ግን አናውቅም። ኑሮ ሲከብደኝ በጅግጅጋ አድርጌ፣ ድንበሩን ቶጎ ውጫሌ ላይ ተሻግሬ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ገባሁ።

ሥራ ያገኘሁት ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ትርንጎ የምትባል የጎንደር ልጅ፣ እና ለምለም። ለምለም የትግራይ ልጅ ናት። ከሁላችንም ታናሽ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት። በሚኒባስ እየተመላለሰች መሐመድ ሞጌ ሰፈር በየሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር።

ይህቺ ልጅ የጌታ መሆኗን እሷ ሳትነግረን አወቅን። ትንሽ አዲስ ኪዳን ነበራት፤ ልብሱን ዘፍዝፋ እስኪርስ ድረስ ቁጭ ብላ ታነባለች። እኔና ትርንጎ ሰው ማማት ስንጀምር “ሴትዮዋን ልጥራት እንዴ? እሷም ብትሰማው አይሻልም?” ትልና ወደ ቀናው ትመልሰን ነበር። የሚያናድድ ነገር ሲገጥማት ደግሞ “ቆይ፣ ልጠይቀው” ትላለች። “ማንን?” ስንላት “ጌታን” ትላለች። እኛ በሳቅ እንሞታለን። እሷም አብራን ትስቃለች። ከዚያ ግን እውነትም ዞር ብላ ትጠይቀዋለች!

እዚያ እንዲህ ማይክ ይዘን፣ ከበሮ እየመታን የምናመልክበት ቤት አልነበረም። አርብ ሥራ ሲዘጋ ለምለምና ጥቂት አማኞች ከአንዳቸው ክፍል ይሰበሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። እናንተ ወጣቶች፣ ዛሬ ደጃችሁ ላይ ጸሎት ቤት አለላችሁ። ያቺ ልጅ ግን ፓስተር ሳይቆጣጠራት፣ እናት ሳታያት፣ በሰው አገር ለክርስቶስ ትኖር ነበር። ስሙ ይባረክ!

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በመጀመሪያ የተቆረጠው የእሷ አገር ስልክ ነበር። ትደውላለች፣ አይነሳም። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ ዝም። ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ፤ የእኔም እናት ስልክ ዝም አለ። ለምለም “እስቲ የእናትሽን ስም ንገሪኝ፣ የእኔን ስጠራ አብሬ ልጥራት” አለችኝ። ነገርኳት። በየቀኑ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ “የስንዱን እናት” ስትል እሰማት ነበር።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ስልክ ወደሚሠራበት ከተማ የሸሸው አጎቴ ደወለ። ካሳው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። አገሬን ልጠብቅ ብሎ ከሚሊሻው ጋር ወጥቶ ነበር። አጎቴ ብዙ አላወራም። “ስንዱ፣ ካሳው የለም” አለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ የሽንኩርቱ ይሁን የእኔ፣ አጠገቤ የነበሩት ሶማሌዎች አልለዩትም።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ለምለምን ማየት አቃተኝ። ትግርኛ ዘፈን ከመንገድ ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። እሷ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አልበላም። በመጨረሻ ትርንጎ ፊት ለፊት ተናገረቻት።

“ወይ አንቺ ውጪ፣ ወይ እኛ እንውጣ። ይቺ ልጅ አንቺን እያየች ሐዘኗ እንዴት ይወጣላት?”

ለምለም ወደ እኔ አየች። እኔ ፊቴን አዞርኩ። “እሺ፣ እወጣለሁ” አለች። “ግን ትርንጎዬ፣ ስንዱ ብቻዋን እንዳታለቅስ አደራ።”

የቤቱ ባለቤት ሆዮ ኸድራ ነበሩ። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። እኚህ ሴት በእነሱ ጦርነት ጊዜ ወደ እኛ አገር ተሰደው ጅግጅጋ አካባቢ ኖረዋል፤ ትንሽ አማርኛም ይችላሉ። ለምለም ልብሷን ስትሰበስብ አዩና በሩ ላይ ቆሙ።

“የት ነው?” አሉ።

ትርንጎ ነገረቻቸው።

“ወላሂ አይሆንም!” አሉ። “በጎሳ ሰው ማውጣት እኛ አድርገን አይተናል። ይህ ከተማ ጣሪያ አልነበረው። እኔ ልጅ ተሸክሜ በእግር ሐበሻ አገር ሄድኩ። ሐበሻ ጎሳሽ ምንድነው አላለኝም፣ ውሃ ሰጠኝ። ከእኔ ቤት በጎሳ ማንም አይወጣ!” ብለው የለምለምን ፌስታል መልሰው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

ስለዚህ ለምለም ቀረች። እኔ ግን አላናግራትም።

ብዙም ሳይቆይ አደጋው ደረሰብኝ። የሳምቡሳው ዘይት እሳት ላይ ነበር። ድስቱ እንዴት እንደተገለበጠ ዛሬም አላውቅም፤ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። የፈላው ዘይት ቀኝ እግሬ ላይ፣ ከጉልበቴ በታች ፈሰሰ። ጩኸቴን መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ሰምቷል። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳቱ አልለቅ አለኝ፣ ጣቶቼ መጥቆር ጀመሩ። ሐኪሙ በእርጋታ የሚናገር ሰው ነበር፤ እሱ በሶማሊኛ ይናገራል፣ ሆዮ ኸድራ ይተረጉሙልኛል። አንድ ቀን ሆዮ ኸድራ መተርጎሙን ተዉት።

“ምን አለ? ንገሩኝ!” አልኳቸው።

“ጥቁሩ ወደ ላይ ከወጣ እግር ይቆረጣል ይላል። ትንሽ ቀን እንይ ይላል።”

እንግዲህ አስቡት፤ በሰው አገር፣ በጉልበቷ የምታድር ሴት፣ ያለ እግር!

እዚያ ሆስፒታል በሽተኛን የሚያጥበውም የሚያበላውም የራሱ ሰው ነው። ትርንጎ መጥታ ጠይቃኛለች፣ ጌታ ይባርካት፤ ግን የምታድርበት ሥራ አግኝታ ስለነበር አይለቋትም። ማን መጣ? ለምለም መጣች! የጠዋቱን ሥራዋን ለሌላ ሰው ትታ በየቀኑ ትመጣለች። የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛ አልጋዬ ግርጌ ትቀመጣለች። ነርሷ ቁስሉን አጽድታ ስትሄድ ለምለም ቀሪውን ሰውነቴን ታጥባለች፤ ሌላውን እግሬን፣ ጀርባዬን፣ ፀጉሬን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

መጀመሪያ በመጣችበት ቀን “ወንድሜን የገደሉት ያንቺ ሰዎች ናቸው!” ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ ውስጥ ያሉ በሽተኞች ሁሉ ዞር ብለው አዩን።

በእጇ ውሃውን ነካ አደረገች። ከዚያ “ስንዱዬ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው” አለችኝ። እግሬን አነሳችና ታጥበው ጀመር።

ወገኖቼ፣ ክርክር ብትከራከረኝ አሸንፋት ነበር። መልስ ብትመልስልኝ ጥላቻዬ ምግብ ያገኝ ነበር። በእጇ ግን ምን ላድርግ? ጌታ ሆይ፣ ተባረክ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ወደ ክፍሉ ገቡ። ከከተማው ዳር፣ አያሃ ከሚባለው ሰፈር የመጡ የትግራይ እናቶች ናቸው። እኔን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ገረመኝ። እነሱ ግን አልጋዬን አልፈው ወደ ለምለም ሄዱ። አንደኛዋ አሮጊት አንገቷን አቀፈቻትና ማልቀስ ጀመረች። ትግርኛ ባልችልም “አባትሽ” ማለቷን ሰማሁ። ለምለም እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አብራቸው አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያን ቀን ገና አየኋት።

ሴቶቹ እኔንም “እግዚአብሔር ይማርሽ” ብለውኝ ሄዱ። ሲወጡ ጠራኋት። ስሟን ከጠራሁት ቆይቼ ነበር።

“ለምለም፣ አባትሽ ምን ሆኑ?”

“ሞተዋል” አለች። “አውድማ ላይ እያሉ መድፍ ወድቆ። በሱዳን በኩል የወጣ ያገሬ ልጅ ደውሎ ነገረኝ።”

“መቼ ነው የሰማሽው?”

ሳፋውን ልታነሳ ጎንበስ አለች። አጥብቄ ስጠይቃት “አንቺ ከመቃጠልሽ በፊት ነው” አለችኝ።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ያንቺ ሐዘን ትኩስ ነበር። የእኔን ደግሞ የት ታስቀምጪዋለሽ?”

እኔ ፊቴን ስነሳት፣ እኔ ስጮህባት፣ ያቺ ልጅ አባቷን በሆዷ ይዛ ነበር እግሬን የምታጥበው!

“እንዴት ቻልሽ?” አልኳት።

“አልቻልኩም” አለችኝ። ይህን ስሙልኝ፣ መልአክ ናት ብዬ አይደለም የምመሰክረው። “ልብስ ሳጥብ ውሃውን ከፍቼ እጮሃለሁ። ለኢየሱስ ሁሉንም እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀን ወደ ስንዱ አልሄድም፣ በቃኝ እለዋለሁ። እሱ ግን ለእኔም ለእሷም ነው የሞትኩት ይለኛል። ከዚያ ሚኒባስ እሳፈራለሁ።”

ሃሌሉያ! ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። “እሱን እኔም ላናግረው እችላለሁ?” አልኳት።

“የወንድምሽን ስም ንገሪኝ” አለች። ካሳው አልኳት። እጄን ይዛ ጸለየች። ካሳውን እና አባቷን በአንድ ትንፋሽ ጠርታ፣ እናቴንና እናቷን እንዲያጽናና ለመነችው። ከዚያ እኔ ቀጠልኩ። አጸላለይ አላውቅም። “ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ደክሞኛል። ይህን ጥላቻ ከእኔ ውሰድ፣ አንተ ግባ። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ” አልኩ። ከጎኔ የተኛችው ሶማሌ ሴት አማርኛ አትሰማም፤ ዱዓ መሆኑን ግን አውቃ “አሚን! አሚን!” ትለን ነበር። እኔም ለምለምም ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብን። ያን ቀን፣ እግሬ እንደጠቆረ፣ ትኩሳቱ እንዳለ፣ ካሳው ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። የሰላም አለቃ ስሙ ይክበር!

ሐኪሙ ሊቆርጥ የሚወስንበት ቀን ደረሰ። ለምለም ጾማ ነበር የመጣችው። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፣ ጣቴን ተጫነ፣ ለቀቀ። እንደገና ተጫነ። ነርሷን ጠርቶ አሳያት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ “ኢየሱስ፣ ኢየሱስ” እላለሁ። ሆዮ ኸድራ ከእሱ አፍ ቃሉን ነጥቀው “ደም ይመጣል! ደም ተመለሰ ይላል! አይቆረጥም! አልሐምዱሊላህ!” ብለው ጮኹ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ “እንዲህ በቶሎ ይለወጣል ብዬ አልጠበቅሁም” ማለቱን ኋላ ነገሩኝ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የፈወሰኝ ግን እሱ ነው! እልል በሉለት!

ይኸው፣ ጠባሳው አለ። ብርድ ሲሆን ያመኛል፣ ትንሽም አነክሳለሁ። ግን በራሴ እግር ነው ከፊታችሁ የቆምኩት።

ትርንጎስ አትሉኝም? የለምለምን አባት ነገር ስትሰማ በእግሯ መጥታ አንገቷ ላይ ወደቀች። “ይቅር በይኝ” አለቻት። ለምለም ሻይ አፈላችላት። ትርንጎ ጌታን ገና አልተቀበለችም፤ ጸልዩላት፣ ጓደኛዬ ናት።

የለምለም አገር ስልክ ሲከፈት ሁላችንም እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርን። የእናቷ ድምፅ ሲሰማ ለምለም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ረጅም ሰዓት ተላቀሱ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ባለቤታቸውን ያጡ፣ በረሃብ የከረሙ ሴት በተሰባበረ አማርኛ “ልጄ፣ የወሎዋ ነሽ? ለምለም ነገረችኝ። እናትሽ በሕይወት አሉ?” አሉኝ። የእኛ አገር ስልክ ቀድሞ ተከፍቶ ስለነበር “አዎ እማማ፣ አሉ” አልኳቸው። “ሰላም በዪልኝ” አሉ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እናቴ “ስማቸው ማነው? በጸሎቴ ላስባቸው” አለችኝ።

ለምለም ዛሬም እዚያው ሐርጌሳ ናት፣ ዛሬም ልብስ ታጥባለች። መድረክ ላይ ቆማ አታውቅም። ወጣቶች፣ ሕይወቱ ክርስቶስን ያማከለ ሰው ምን ይመስላል ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ እሷን ይመስላል። ኢየሱስን ትጠይቀዋለች፣ ሲመልስላት ደግሞ ሳትወድም ቢሆን ትሄዳለች። በቃ።

ከመካከላችሁ በዚህ ጦርነት ሰው የቀበራችሁ አላችሁ፤ ከማን ወገን እንደሆናችሁ አልጠይቃችሁም። አንድን ሰው፣ አንድን ሕዝብ ማየት ያቃታችሁም ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ ሴት ነበርኩ። ግን ኢየሱስን እመኑት። ጥላቻው የማይለቅ ይመስላችኋል፣ ይለቃል! እኔን የለወጠ እናንተን አያቅተውም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ዛሬ ቀድሜ አልወጣም። አብሬው እንድጸልይ የሚፈልግ ካለ እዚህ ፊት እቀመጣለሁ፤ ኑ። ያጣችሁትን ሰው ስም ንገሩኝ፣ አብረን ለጌታ እንነግረዋለን።