ተራቸውን የሚለቁት ጠባቂ

ደባርቅ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው የሚቀመጡ ሽማግሌ ጠባቂ አሉ። ጎብኚ የያዘ መኪና ያለ ጠባቂ ስለማይገባ ጠባቂዎቹ በተራ ይሄዳሉ። እሳቸው ግን ተራቸው ሲደርስ «እስከ የት ናችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። «እስከ ሳንቃ በር» ከተባሉ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተራቸውን ለሌላ ይለቃሉ። መንደራቸው ከተራራው ተነሥቶ ወደ ከተማ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ የቀድሞ ቦታው ደግሞ ከሳንቃ በር አይታይም፤ የሚታየው ከዚያ አልፎ ወደ ጨነቅ ሲሄዱ ነው።

ትናንት አመሻሽ ላይ ከአዲስ አበባ ራሳቸው እየነዱ የመጡ ባልና ሚስት ለማለዳው ጉዞ ጠባቂ ፈለጉ።

«ዛሬስ ተራዎን ለማን ሊለቁ ነው?» ሲል አንዱ ጠባቂ ቀለደባቸው።

«አባባ፣ እስከ ጨነቅ ነን። ዋልያ ለማየት በስንት ሰዓት እንነሣ?» አለች ሴትዮዋ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «በዐሥራ አንድ ሰዓት። ማለዳ ፀሐይ ሊሞቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ይወጣል። ብቻ ጨነቅ ሳንደርስ አንድ ቦታ ላይ አቁሙልኝ።»

«ዋልያው ቢያመልጠንስ? እዚያ ምን አለ?» አለ ባልየው።

«ጭላዳ ዝንጀሮ አለ» አሉ፣ የጠመንጃቸውን ማንገቻ በቀስታ እያጠበቁ። «የገብስ ማሳዬ ላይ ሰፍሯል ይላሉ። ድሮ በወንጭፍ ነበር የማባርረው።»