በማኅበር ላይ የቆምሁበት ምክንያት

የሚካኤል ማኅበርተኞቼ ጽዋዬን ነጥቀው ለሌላ ሰጡብኝ። ተረኛው እኔ ነበርሁ። ሚስቴ ለጠላው ብቅሉን አብቅላ ጌሾውን ወቅጣለች። ጥፋቴ አለመቀመጤ ነው።

የግንቦቱ ማኅበር የዋለው ላሊበላ እየሄደ ለውጭ እንግዳ መስቀል በሚሸጠው ጎረቤቴ ቤት ነበር። ያን ሰሞን መደብ ላይ መቀመጥ ፍም ላይ መቀመጥ ሆኖብኛል። በአፌ ማለት ያቃተኝን ጎልምሼ በተማርሁት ፊደል ልጻፈው፦ ኪንታሮት። ምሰሶውን ተደግፌ ቆምሁ።

«ተቀመጥ እንጂ!» አለ ጎረቤቴ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ቤቴን ተጠይፈህ ነው?»

ቤቱ ሙሉ ሴት ነው፤ ምን ልበል? በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ገብቶ አልቀመጥም ያለ ቂም ይዟል። የነፍስ አባቴም «ሳትታረቅ ጽዋ አትወስድም» ብለው ፈረዱ። ጽዋው በአፍንጫዬ ሥር አልፎ ሄደ።

ንዴቱ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሙ፣ «አባባ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ ጉልበትዎን ይሰብስቡ» አለኝና ከውስጥ ያበጠውን ሥሩ ላይ በቀጭን የጎማ ላስቲክ አነቀው። ብር የምናስርበት ዓይነት፣ ግን የቀለበት ያህል ትንሽ። ደም ሲያጣ ደርቆ በቀናት ውስጥ ይወድቃል አለ። ብዙም አላመመኝ፤ ብቻ ጓሮ ውጣ ውጣ ይለኛል።

ማታውኑ ሽማግሎችና የነፍስ አባቴ ጎረቤቴን ይዘው መጡ።

«ምን በደለህ?»

«ምንም።»

«ምንም ሳይበድልህ ነው የምትቆም?»

ያው ስሜት መጣብኝና ብድግ አልሁ። ጎረቤቴ ዕርቁን ረግጬ የወጣሁ መስሎት፣ «እሺ፣ እሺ! የድንበሩን ድንጋይ የገፋሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ድንጋዩ መገፋቱን እኔ መች አወቅሁና!

ጓሮ ስወጣ የነፍስ አባቴ ሊያባብሉኝ ተከተሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው።

«አንተ ደንቆሮ! ይኸን ከነፍስ አባት ይደብቋል?» ብለው ተቆጡ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ላስቲኩ ያማል እንዴ?»

«ምነው አባ?»

«እንዲያው ነው። ማሕሌት ላይ ሌላው ሲያርፍ እኔ የምቆም ለጽድቅ ብቻ ይመስልሃል?»

ተመልሰው ለሽማግሎቹ ምስጢሬን አላወጡም። «ታርቋል። ድንጋዩም ጽዋውም ወደ ቦታቸው ይመለሱ» ብቻ አሉ። እኔ ግን ማኅበሩ ፊት ካልተቀመጥሁ ማን ያምናል?

ላስቲኩ ወደቀ። በቀጣዩ ማኅበር ጽዋዬን የወሰደው ሰው ቤት ገባሁ። ጎረቤቴ እንኳ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። ቀስ ብዬ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቂጡ እልል የተባለለት ሰው በላስታ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጽዋዬን በእጄ ያስገባሁት ሰኔ ፲፪ ቀን ነው።