የአፈወርቅ ጽዋ ተረካቢ

እትዬ በለጡን ሰው የሚያውቃቸው በወጣቸው ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ባለች ጠባብ ቤታቸው ከኢትዮጵያ ጭነው ለሚመጡ ሾፌሮች ምሳ ይሸጣሉ። እዚያው ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። አባታቸው አቶ ተክለወልድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ጽዋ ማኅበር ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው።

የማኅበሩ ሥርዓት ቀላል ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዱ ይደግሳል፤ ሲያበቃ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፤ ማኅበርተኛውም እየዘመረ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። ችግሩ ቀኑ ነው። አሥራ ሁለት የሚካኤል ነዋ! አገር ምድሩ ለሚካኤል ሲተም፣ ለአፈወርቅ የሚተርፈው ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚያም አንዱ ሞተ፣ አንዱ አገሩ ገባ፣ ሌላውን ፈረንሳይ ያሉ ልጆቹ ወሰዱት። ከእትዬ በለጡ ሌላ የቀሩት ሽማግሌው አቶ አዳነና ልብስ ሰፊው ጸሐዬ ናቸው። እነሱም "እትዬ በለጡ፣ የዚህን ወር ብቻ እርስዎ ይደግሱ" እያሉ ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ ግንቦት አሥራ ሁለት እትዬ በለጡ ቆርጠው ተነሡ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሙቀቱም እንደ ጉድ ነው። "ዛሬ ተረካቢ ካልተገኘ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ፤ ማኅበሩም ያብቃ" አሏቸው ለማኅበሩ ቄስ።

ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቄሱ እንደ ልማዳቸው የቅዱሱን ታሪክ ተረኩ። ንግሥቲቱ የመበለቲቱን የወይን ቦታ ስትቀማ አፈወርቅ በሕዝብ ፊት እንደገሠጻት፣ ለዚህም እንደተሰደደ፣ ታሞ እያለ በወታደር ሲነዳ መንገድ ላይ እንዳረፈ፣ ዐፅሙም ከብዙ ዓመት በኋላ በክብር እንደተመለሰ። እትዬ በለጡ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ ግማሹን ጊዜ እያንቀላፉ። ዛሬ ግን ያ የታመመ ሰው በፀሐይ ሲሄድ ታያቸውና እንባቸው መጣ።

"እሺ፣ ማን ይረከባል?" አሉ ቄሱ።

አቶ አዳነ ጢማቸውን አሹ። ጸሐዬ ጫማውን አየ።

"እኔስ ደከመኝ" አሉ እትዬ በለጡ። "ማንንም አልተቀየምኩም። ደከመኝ፣ በቃ።"

ምሳ ሊበላ መጥቶ ድግስ ላይ የደረሰው ሾፌር ይርዳው ከበሩ አጠገብ ተነሣ።

"እኔ ልውሰደው፣ እትዬ።"

"አንተ እዚህ ምን ቤት አለህና?" አሉ አቶ አዳነ።

"መኪናው አለ። በአሥራ ሁለት የቆምኩበት እደግሳለሁ። ሾፌር እንደሆነ የትም አይጠፋም።"

"ይህ ጽዋ ከከተማ ወጥቶ አያውቅም!"

"የጽዋው ባለቤት አፈወርቅስ መንገድ ላይ አይደል ያረፈው?" አሉ እትዬ በለጡ። "ይውሰደው።"

ይርዳው ተንበርክኮ ጽዋውን ተረከበ፤ ሁሉም እየዘመሩ መኪናው ወደቆመበት ሸኙት። እትዬ በለጡ ጉልበታቸውን አመካኝተው ቀሩ።

ደስ ይለኛል ብለው ነበር። መዝሙሩ የጎረቤታቸውን የማይሙናን የጫት መደብ አልፎ እስኪጠፋ አዳመጡ፤ ከዚያ ብርጭቆ ለማንሣት ብድግ አሉና መልሰው ተቀመጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ብቻዬን ነኝ እያሉ ስንት ጊዜ አማርረዋል። ለካ ብቻቸውን የሆኑት ገና ዛሬ፣ ጽዋው ከቤት ሲወጣ ነው።