ባሕሩ የማይኖርበት ሰዓት

ልጄ አስጎብኚ ለመሆን ትማር ነበር። የመጨረሻው ፈተና ግን ቁጭ ብለው የሚጽፉት ዓይነት አልነበረም። እያንዳንዱ ተማሪ የአራት ቀን ጉዞ ያቅዳል፤ በጉዞው ውስጥ ተራራም፣ የዝናብ ደንም፣ የባሕር ዳርም መኖር አለበት። ከዚያ በዕድሜው ሽርሽር የሚባል ነገር ሄዶ የማያውቅ አንድ ሰው ደንበኛ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ደንበኛው ፈርቶም ይሁን ታክቶት ከሦስቱ አንዱን ሳያይ ከተመለሰ ተማሪው ወደቀ ማለት ነው፤ ዓመት ጠብቆ እንደገና ይጀምራል።

ሽርሽር የማያውቅ ሰው ፍለጋ ብዙ አልደከመችም። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ባለችው የኪራይ ቤታችን፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሽንኩርት ስከትፍ ስታየኝ ቆየችና «አገኘሁ» አለች።

«ምን አገኘሽ?»

«ደንበኛ።»

አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ዌስትላንድስ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ናይሮቢ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀው መንገድ ግን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ነው የምቀመጠው፤ ፍጥነት ሲጨምር ጉሮሮዬን ስጠርግ እንዲሰማኝ።

«ለመሆኑ የት የት ነው?» አልኳት።

ተራራው ታይታ ነው አለችኝ፣ ከቮይ ከተማ ወደ ላይ የሚወጣ። ደኑ ሺምባ ይባላል፣ ከሞምባሳ ማዶ። «የባሕር ዳሩ ደግሞ ማንግሮቭ» አለች።

እኔ የሰማሁት ማንጎ ነው።

ማንጎ ከሆነማ ምን ክፋት አለው ብዬ እሺ አልኩ። ጥላ ሥር እግሬን ዘርግቼ፣ አሁን ከዛፉ የወረደ ማንጎ ስልጥ ታየኝ። በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። አንደኛዋ «ክር የሌለውን አምጪልኝ፣ ያኛው ጥርሴ ውስጥ ይገባል» ብላ ከወዲሁ አዘዘችኝ።

ማንግሮቭ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ልጄ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ያሳተመችውን ፎቶ ስታሳየኝ ነው። ዛፎቹ የቆሙት ባሕር ውስጥ ነው። ሥራቸው መሬት ውስጥ መግባት የጠላ ይመስል ከውሃው በላይ እንደ ሸረሪት እግር ተንፈራጧል።

«ማንጎው የታል?» አልኳት።

«የምን ማንጎ?»

ነገርኳት። ፎቶውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሲበቃት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ድምፅዋንም ቀየረች። «ክብርት ደንበኛ» አለች፣ «እርስዎ ማንጎ ከፈለጉ መመለሻችን ላይ አንድ ቦታ እንጨምርልዎታለን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጉዞው ነገር ሲነሣ አንቺ መባሌ ቀረ። ወጥ ስታስጨምር አንቺ ነኝ፣ ልብስ ሳጥብላት አንቺ ነኝ፤ ያን ሰማያዊ ደብተሯን የገለጠች ጊዜ ግን እርስዎ እሆናለሁ።

ሳቁ አለፈ፣ ፍርሃቱ ቀረልኝ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ያየሁት ትልቅ ውሃ ክረምት ክረምት የሚሞላው የሰፈራችን ወንዝ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን አህያ ዓይናችን እያየ ከነጭነቷ ወስዷታል። ይኼን ብነግራት ልጄ «አንቺ እኮ እኔን አዝለሽ ሞያሌን ያለፍሽ ሰው ነሽ» አለችኝ፤ በድንጋጤዬ አዝና መሰለኝ አንቺ ያለችኝ። እውነቷን ነው፣ በጭነት መኪና ላይ አዝያት ነው የገባሁት። ግን መኪናው የሄደው በደረቅ መሬት ነው አልኳት።

ደብተሯ ውስጥ «የደንበኛ ጥያቄ» የሚባል ገጽ ነበረ። አስተማሪያቸው ደንበኛው የጠየቀውን ሁሉ ከነመልሱ ጻፉ ብሏቸዋል። የሌሎቹ ተማሪዎች ደንበኞች ስንት ጥያቄ እንደጠየቁ እንጃ፤ እኔ ግን አንድ ገጽ አልበቃኝም።

«ደኑ ውስጥ ዝሆን አለ?»

«አለ።»

«ቢመጣብንስ?»

«ከዝሆኑ ጋር የሚነጋገር የደን ጠባቂ ከእኛ ጋር ይሄዳል። ደንበኛው ዝም እንዲል ይጠበቃል።»

«ተራራው ላይ ጉም ቢሸፍነን?»

«ደንበኛው የአስጎብኚዋን እጅ ይይዛል።»

«ዓርብ ጾም ነው፤ ምን እበላለሁ?»

«ደንበኛው በሶውን ይዞ ይመጣል» ብላ ጻፈችና ቀና አለች። «መቼም ባልጽፈውም ይዘሽ ትመጪ ነበር።»

ከሁሉ የከበደኝ ግን ፌሪው ነበር። ከሞምባሳ ከተማ ወደ ደቡብ ለማለፍ መኪናም ሰውም በአንድነት ጭኖ ውሃውን የሚያሻግር ፌሪ አለ። ደኑም ማንግሮቩም ያሉት ከዚያ ማዶ ነው። ስለ እሱ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ያልጠየቅኋት በልቤ የጨረስኩት ነገር ስለነበረ ነው፤ እስከ ሞምባሳ እሄዳለሁ፣ ተራራውን አይላታለሁ፣ ፌሪው ጋ ስንደርስ አመመኝ ብዬ ሆዴን እይዛለሁ። እንደምትወድቅ አጥቼው አይደለም። አስተማሪውም እናት ያለው ሰው ነው፣ ያዝንላታል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ዕቅዱ ሲያልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሰኞ ለአስተማሪው ታስረክበዋለች። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ሳልጨርስ፤ እንግሊዝኛው ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። «አንብቢልኝና በአማርኛ ልገልብጠው» አልኳት። እሷ አማርኛም ማንበብ ትችላለች፣ ለመተርጎምም ሰነፍ አይደለችም። እሷ እያነበበች እኔ ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሐሙስ ጉዞ። ዓርብ ጠዋት ተራራ፣ ከሰዓት ወደ ሞምባሳ ወርዶ ማደር። ቅዳሜ ጠዋት ፌሪ፣ ከዚያ ደን። ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ማንግሮቭ፣ በእግር፣ ውሃው ሲሄድ። እሑድ መመለስ።

«ውሃው ሲሄድ ማለት?»

«ባሕሩ በቀን ሁለቴ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሲሸሽ ጭቃው ላይ በዛፎቹ መሃል እንሄዳለን። እርስዎን ብዬ ነው የመረጥኩት።»

ካላንደሩን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። እሷ ጓደኛዋ ዘንድ ስትወጣ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ባሕር የሚሄድበትን ሰዓት ማን ነው የሚነግረው? ቢረሳና ባይሄድስ? የዕቅዱ መጨረሻ ላይ ማንግሮቩ ያለበት መንደር ሴቶች ማኅበር ስልክ ነበረ፤ እንግዳ ተቀብለው ዛፎቹን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም። ክሬዲት ሞላሁና ደወልኩ።

ስዋሂሊዬን የተማርኩት ከአትክልት ሻጮች ነው፤ ለቲማቲም እንጂ ለባሕር የሚሆን አይደለም። አንዲት ሴት አነሣች። «እህቴ» አልኳት፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ባሕሩ የማይኖረው ስንት ሰዓት ነው?»

ለሌላ ሰው ያልኩትን ስትነግር ሰማሁ፤ እዚያ ማዶ ሳቁ።

«ሳ ንኔ አሱቡሂ» አለችኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ማለቷ ነው።

የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ነው የሚቆጥር። ሃያ ዓመት ስኖር በዚህ አገር ሳልሳሳት የተስማማሁት በሰዓታቸው ብቻ ነው። ካላንደሬን አየሁ፤ አስር ሰዓት ነው የሚለው።

«ከቀኑ አስር ሰዓትስ?» አልኳት።

«እሱማ ሙሉ ነው። እኛም በዚያን ሰዓት በጀልባ እንጂ በእግራችን አንሞክረውም» አለችና ስሜን ጠየቀችኝ። በድንጋጤ ስልኩን ዘጋሁት።

ወዲያው ነው የገባኝ። ልጄም እንደኔ ደውላ ጠይቃለች፤ እነሱም «ሳ ንኔ» ብለዋታል፣ ጠዋት የሚለውን ሳይጨምሩ። ጆሮዋ በስዋሂሊ ሰማ፣ እጇ በእንግሊዝኛ አራት ብሎ ጻፈ። የእንግሊዝኛው አራት ደግሞ ከሰዓት ነው፣ የእኛ አስር። በመካከሉ ያለው ስድስት ሰዓት ነው፤ ባሕሩም ከሄደበት ሞልቶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ያንኑ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የባሰ ሰዓት ብትፈልግም አታገኝም ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ወንበር ስቤ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። ሆድ ቁርጠት ምን ያደርግልኛል፤ ይኸው ሕጋዊ ምክንያት። ዝም ብል ዕቅዱ ሰኞ ይገባል፤ ቅዳሜ አስር ሰዓት ባሕሩ ሞልቶ ይጠብቀናል፤ እኔም አልገባም እላለሁ፣ ማንም አይፈርድብኝም። ጥፋቱ የሰዓት ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ማታ እራት ስንበላ አልነገርኳትም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜም ይኸው ነበር ሐሳቤ። ያቺ ማንጎ ያዘዘችኝ ሴትዮ ሰላም ስትለኝ «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ አንቺን ከቤት ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም» አለችኝ። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቄሱ ያሉትን አልሰማሁም።

ቤት ስንገባ ነጠላዬን ሳላወልቅ «አራት ሰዓት ነው» አልኳት።

«አይ፣ ሰባት ሆኗል» አለች፣ የግድግዳውን ሰዓት አይታ።

«ባሕሩ። የሚሄደው ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ደውዬ ነበር።»

መጀመሪያ አላመነችኝም። «ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ፎር» አለች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ በጣቷ ቆጠረች። ሁለተኛ ቆጠረች። ደብተሩን ስባ ያቺን መስመር ስታያት ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም፤ ልጅ ሳለች ብርጭቆ ስትሰብር እንዲሁ ነበር የምትሆን።

«አስተማሪው የመጀመሪያ የሚያየው የውሃውን ሰዓት ነው» አለች። «ሰዓቱን ሳያጣራ ሰው ይዞ ባሕር ለሚገባ ይቅርታ የለም ብሎናል።»

«እንግዲያ አስተካክዪው።»

አስተካከለች። ማንግሮቩ ወደ ጠዋት ሄደ፣ ደኑ ወደ ከሰዓት ዞረ። አራት ሰዓት ላይ እዚያ ለመድረስ ግን ፌሪው ላይ ልክ ሲነጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሳፈር አለብን። ሆዴን የምይዝበት ጊዜ እንኳ አልተረፈልኝም። ራሴ ያቀናሁትን ዕቅድ ራሴ ላፈርስ ነው? ተናዘዝኩላት።

ልጄ አልተቆጣችም። ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠችና «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች» የሚል ገጽ አሳየችኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ጣቷን እያስኬደች ተረጎመችልኝ። «ሞምባሳ፣ ፌሪ። ደንበኛዋን ሆዷን ሊያማት ይችላል። መፍትሔ፤ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ፣ እንዲሁም ትዕግሥት።»

«ይኼን መቼ ጻፍሽው?»

«እሺ ያልሽኝ ዕለት። ከማንጎው በፊት።»

ሄድን። ተራራው ብርድ ነበረ፣ በሶዬን በላሁ፣ ጉሙም መጣ፣ እጇንም ያዝኩ። ቅዳሜ ሲነጋ ፌሪው ላይ ቆምን፤ አንድ እጄ ፔርሙዙን ሌላው የእሷን ክንድ ጨብጦ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያምን እለምናለሁ። ብዙ ከቆየን በኋላ ጆሮዬ ሥር «ክብርት ደንበኛ፣ ደርሰናል» አለችኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ገና መሃል ነበርን። ዙሪያውን ውሃ ነው፣ ፀሐይም ላዩ ላይ ወጥታለች። ካየሁት አይቀር ብዬ እስከ ማዶ አየሁት።

አራት ሰዓት ላይ ባሕሩ አልነበረም። ዛፎቹ በዚያ እግራቸው ጭቃው ላይ ቆመዋል፤ አንድ ክንዳቸው ብቻ ትልቅ የሆነ ቀያይ ሸርጣኖች ስንደርስ ጉድጓዳቸው ይገቡ ነበር። በስልክ ያነጋገርኳት ሴት በድምፄ አወቀችኝ። «ውሃ የማይፈልጉት እንግዳ» ብላ ለጓደኞቿ አስተዋወቀችኝ። ከሰዓት በደኑ ውስጥ ዝሆን ሳይመጣብን ቀረ፤ እኔም እንደታዘዝኩት ዝም አልኩ።

በመመለሻችን ሞምባሳ ገበያ ማንጎ ገዛን፣ ክር የሌለውን። አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ የደንበኛውን አስተያየት መስጫ ወረቀት አወጣችልኝ። ከዕቅዱ ውጭ የሆነ ነገር ነበር ወይ ይላል። አውቶቡሱ እያንገጫገጨኝ በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ባሕሩ በሰዓቱ ሄዷል። አስጎብኚዋ ግን ፌሪው ላይ አንድ ጊዜ ዋሽታኛለች።»

አነበበችው። «ሁለተኛውን ልተወው?»

«ደንበኛ ነኝ፤ እንዳለ ተርጉሚው።»

ሥሩ ላይ በእንግሊዝኛ እንዳለ ተርጉማ አስገባች። አለፈች። አስተማሪው ከዚያች መስመር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጽፎባታል። ምን እንደሚል ስጠይቃት እስከዛሬ «ጎበዝ ይላል» ነው የምትለኝ፤ እያየኋት ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ትነክሳለች።