ሼኖ ሜዳ ላይ የተከልነው የእድር ድንኳን

የልጅ ልጆቼ በቀደም ለእረፍታቸው ካምፒንግ ሊሄዱ ዕቃ ሲሸክፉ፣ «እማማ፣ እርስዎ ድንኳን ውስጥ አድረው ያውቃሉ?» አሉኝ። አንድ ክረምት ሼኖ ሜዳ ላይ አድሬያለሁ ስላቸው «ይንገሩን እንጂ!» ብለው ከበቡኝ። የሳቅ ወሬ መስሏቸዋል። እኔም ሳወራው እስቃለሁ፤ እስከ መሃሉ ድረስ።

ያኔ ቦሌ ሚካኤል ነበርን፤ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ባለቤቴ የፈረንጆች ሾፌር ነበር። ፈረንጆቹ በየእረፍቱ ድንኳን ጭነው ዳገት ለዳገት እያደሩ የየአገሩን ምግብ ሲቀምሱ አይቶ ቀና። «አገሩ የኛ፣ የሚያዩት እነሱ!» አለ። አለቃው ፒካፑን ለአራት ቀን ፈቀዱለት። ድንኳን ከየት ይምጣ? በኛ ሰፈር ድንኳን ያለው እድሩ ብቻ ነው፤ የእድር ድንኳን ደግሞ ከመጋዘን ወጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው።

እድራችን ሁለት ነበረው፣ አዲስና አሮጌ። ዕቃ ያዡ የጎረቤቴ ወንድም ነው። ጎረቤት ስላት እንዲያው ጎረቤት እንዳይመስላችሁ። ባሎቻችን የቆርቆሮ አጥሩን በር በሚያህል ከፍተውልን፣ የሷ ሽሮ እኔ ምድጃ ላይ፣ የኔ ልጅ እሷ ጀርባ ላይ ነበር የሚውለው። እናቴ እህት አልወለደችልኝም፤ እህቴ እሷ ነበረች።

ወንድሟ አሮጌውን ድንኳን ራሱ ተሸክሞ አመጣልን። «አዲሱ ለእድሩ ይቆይ። ብቻ ቶሎ መልሱት» አለ። ጭነን ስንጨርስ እሷ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለች።

«አንቺ ሴት፣ ማን ሞቶብሽ ነው ድንኳን የምትጭኚው?»

«ጥጋብ ነው» አልኳት።

«ድንኳን ተክሎ ቅቤ መብላት! የቦሌ ሚካኤልን ፈረንጅ እዩልኝ!» ብላ አጨበጨበች።

«አይዞሽ፣ የያዝነው አሮጌውን ነው። አዲሱን ላንቺ ትቼልሻለሁ።»

ሳቋ ቀጥ አለ። ባሏ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ምን አፌን አስከፈተኝ ብዬ ደነገጥኩ። ይቅርታ ልላት ስል ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

መንገዱ ደስ ይል ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሰንዳፋ ላይ የገብስ ቆሎ ገዛን። አሌልቱ አንዲት ሴትዮ ትኩስ ድፎ ዳቦ ከነኮባው አመጣችልን፤ መኪና ውስጥ በእንፋሎቱ እጃችንን እያሞቅን በላነው። ሼኖ ስንደርስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ተለወሰልን፤ ልጆቼ እስከ ክርናቸው ወዙ። ሲመሽ ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳው ዳር ድንኳኑን ተከልንና አደርን።

ጠዋት ስንነሳ ከማዶ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ አየን። ሴቶቹ ከሩቅ ዋይ ዋይ ይላሉ። አንዲት አሮጊት ንፍሮ ይዘዋል።

«ድንኳን እያየን እንዴት ዝም እንላለን? ማንን አጣችሁ፣ ልጆቼ?» አሉ።

ባሌ ወደኔ ዞረ። ለሽርሽር ነው የመጣነው እንዴት ይባላል? ሴትዮዋ ሌሊቱን ቀቅለው፣ ያን ሁሉ ጭቃ በባዶ እግራቸው አቋርጠው! የኔ ምላስ ቀደመ።

«ጎረቤታችን ነው፣ እማማ» አልኩ። ሌላ ሰው አልመጣልኝም።

«ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናችሁ።» አጠገቤ ቁጭ ብለው አለቀሱልኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ሀፍረት ነው ያስለቀሰኝ። ንፍሮውን በላን። ሲሄዱ ባሌ «ከቅቤው ይልቅ ንፍሮው ጣፈጠ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅሁም።

በአራተኛው ቀን ስንመለስ የጎረቤቴ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ዝናቡ ይወርዳል። ለቀስተኛው ላስቲክና ማዳበሪያ ከረጢት ደርቦ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ተጠግተው ይንጠባጠባሉ። ባሏ ሞቷል። መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩ። ንፍሮውን የበላን ጠዋት ነው።

የረጠበውን ድንኳን ስናወርድ ወንድሟ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ። «ሁለቱንም ወስዳችሁ አንዱን ብቻ ነው የምትመልሱት? መጋዘኑ ባዶ ነው! አማቼ በዝናብ ተለቀሰለት!»

ባሌ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይስማው? እኔ አንገቴን ደፋሁ። ስለ ድንኳኑ አልነበረም፤ ሰውየውን በአፌ የገደልኩት መስሎኝ ነው። ዝም ማለቴ ግን እንደ ማመን ተቆጠረ። አንዴ ቀና ብዬ እሷን አየኋት። «እሷ ይህን አታደርግም» ብትል ይበቃኝ ነበር። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ከእድሩ ተሰረዝን። ከሰልስቱ ማግስት የአጥሩ ክፍተት በቆርቆሮ ተመታ። ምስማሩ ሲመታ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር። ሾላ ገበያ ስንገናኝ በሌላው መደዳ ትዞራለች። የኔ ባል ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ እሷ አልመጣችም። ያኔም ፈረድኩላት። ባሏ ያለ ድንኳን ተለቅሶለት እንዴት ትምጣ? እላለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ብዬ ለሷ ተከራከርኩላት፣ ከራሴ ጋር።

እሷ ካረፈች በኋላ ልጇ፣ ያኔ ትንሽ የነበረችው፣ ቤቴ መጣች። «እትዬ፣ እማዬ ሳትሞት ለርስዎ እንድነግር አደራ ብላኛለች» አለችኝ።

አዲሱን ድንኳን ወንድሟ ለሚስቱ ቤተሰቦች አውሶት ነበር። ገርጂ፣ ለምርቃት ድግስ ተተክሎ የጥብስ እሳት በላው። እኛ ወደ ሼኖ ከመውጣታችን በፊት በነበረው እሑድ ነው። ጎረቤቴም ድግሱ ላይ ነበረች፤ እሳቱን ለማጥፋት ውሃ በባልዲ ካቀበሉት አንዷ እሷ ናት።