ሰባት ቤት ቆጥራም ወረቀት አምጪ ተባለች

«አይሁዳዊት ለመሆንሽ ወረቀት አለሽ?»

ዛሬ ልጄ ሰው ፊት የተጠየቀችው ይህንን ነው። ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው!

ሳራ ስቶክሆልም ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው። ክረምቱን ግን የቤተ እስራኤል አያቶቿን መንደር ልታይ ጎንደር ሄዳ፣ እንደ ደንባችን ሰባት ቤት መቁጠር ተምራ መጣች።

ዛሬ ወጣት አይሁዶች ስለ ሥር ፍለጋ ጉዟቸው በሚያወሩበት ስብሰባ ሰባቱንም አንድ በአንድ ጠራች። አዘጋጇ ሴትዮ ታዲያ ወረቀት አለቻት!

አያቶቻቸው ወደ ኖሩባት ፖላንድ ስላደረጉት ጉዞ ያወሩትን ልጆች ግን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

(እዚህ አገር ፐርሶንኑመር የሚሉት የመታወቂያ ቁጥር የሌለው ሰው ገና አልተወለደም፣ አውቃለሁ።)

ወደ ሰፈራችን ኖርስቦሪ ስንመለስ ባቡር ውስጥ «እማ፣ ጎንደር እኮ ‹የማን ልጅ ነሽ?› ብቻ ነው ያሉኝ» አለችኝ። በአማርኛ።

የእናንተንም ልጆች እንዲህ የጠየቀ ካለ፣ ወረቀቱን ተዉትና የአያቶቻችሁን ስም ከታች ጻፉልኝ።